ከረባት በቆላ ፀሐይ

ነቢዩ ሕዝቅኤል በባቢሎን ምርኮ ሳለ ያየው የቤተ መቅደስ ራእይ ስለ ግንቡ ርዝመትና ስለ በሮቹ ስፋት ብቻ አይናገርም። በመጽሐፉ 44ኛ ምዕራፍ የካህናቱ አለባበስም ተደንግጓል። ወደ ውስጠኛው አደባባይ ሲገቡ ከተልባ እግር የተሠራ ልብስ እንጂ ሱፍ እንዳይለብሱ፣ የሚያልባቸውንም ነገር እንዳይታጠቁ ታዘዋል። ትእዛዙ ስለ ንጽሕና ነው ወይስ ለአገልጋዩ ገላ በማሰብ የሚለውን ተርጓሚዎች ይነጋገሩበት። በዚያ ቅዱስ ስፍራ ግን ላብ የአክብሮት ማስረጃ ሆኖ አልተቆጠረም።

በእኛ ዘመን ግን ይቆጠራል። ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ወቅት ነው። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሙሽራው ሸሚዝ፣ ሰደርያ፣ ኮትና ከረባት ደራርቦ ይቆማል። ሚዜዎቹም እንደዚያው ናቸው። መሐረብ ከእጃቸው አይለይም። ኮሌታው በላብ ይርሳል፣ ከረባቱ በጣት እየተሳበ ይላላና ፎቶ አንሺው ሲጠጋ ተመልሶ ይጠብቃል። ኮቱን ለማውለቅ የሚደፍር የለም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ የሙሽሪት ዘመዶች ያያሉ፣ ፎቶውም ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። በዚያው ከተማ እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ የሚቆም ሰባኪም፣ ሠመራ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የሚቀበል የቢሮ ኃላፊም ተመሳሳይ ጭንቅ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ለሌላው ሰው ክብር ሲሉ ችለው ነው የቆሙት። ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ለሌላው ያለው አክብሮት በገላው መጨነቅ ይለካል?

ከመልሱ በፊት ገላው ራሱ የሚለውን መስማት ይገባል። የሰው ቆዳ በሙቀት ጊዜ 35 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የአየሩ ሙቀት ከዚያ ካለፈ አየሩ ገላን ማቀዝቀዙን ትቶ ማሞቅ ይጀምራል፤ የሚቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሳይተን ወደ ካናቴራና ወደ ሸሚዝ ሰርጎ የቀረው፣ ወይም ከግንባር ላይ ተንጠባጥቦ የወደቀው ላብ ግን ይህን ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ልብስ በሙቀት አገር የሚመዘነው ምን ያህል ገላ እንደሸፈነ ሳይሆን አየር ማሳለፉና አለማሳለፉ ታይቶ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት በደዊኖች በዚያ ሁሉ የበረሃ ፀሐይ ውስጥ ለምን ጥቁር ቀሚስ እንደሚለብሱ ነበር። ሰው በበረሃ አቁመው ጥቁሩንም ነጩንም ቀሚስ እያለበሱ ለኩ። ጥቁሩ ጨርቅ ከነጩ ይልቅ ይሞቃል፤ ወደ ቆዳው የሚደርሰው ሙቀት ግን በሁለቱም አንድ ሆኖ ተገኘ። ምስጢሩ ቀሚሱ ሰፊ መሆኑ ነው። በጨርቁና በገላው መካከል አየር ይመላለሳል፣ ሞቃቱ አየርም ሽቅብ ወጥቶ በአንገት በኩል ያመልጣል። ኮሌታ ለልብስ፣ የጭስ መውጫ ለጎጆ እንደሆነው ነው። ከረባት ደግሞ ያንኑ መውጫ ቋጥሮ የሚዘጋ ጨርቅ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ብዙዎች ከሚገምቱት ይለያል። ቀትር ላይ ደጅ ለሚቆም ሰው ረጅም እጅጌ ጠላቱ አይደለም፤ ሰፋ ያለና ከስስ ጥጥ የተሰፋ ከሆነ ክንዱን ከፀሐይ ይጋርድለታል። የቆላ ሕዝቦች እንደ ባሕረ ሰላጤው ከንዱራ ያለ፣ እጅጌ ረዝሞ ሰፋ ያለ ልብስ የለመዱት በከንቱ አይደለም። አጭር እጅጌ የሚጠቅመው ይበልጡን ጥላ ባለበት፣ ወበቅ በሚበዛበት፣ ቤት ውስጥ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ችግሩ ያለው አንገት ላይ ከታሰረው፣ ከላይ ከተደረበውና ከጨርቁ ዓይነት ላይ ነው። ፖሊስተር የበዛበት ሸሚዝ እጅጌው ቢያጥር እንኳ ላቡን ገላ ላይ ያስቀረዋል።

ከረባት የተወለደበትን ቦታ ማስታወስ እዚህ ላይ ይረዳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የክሮኤሽያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ያስሩት የነበረውን ጨርቅ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ወደደው፤ ከዚያም በአውሮፓ ተሰራጨ። አንገት ላይ የሚታሰር ጨርቅና በሱፍ የተሰፋ ኮት ለብርዳማ አገር መልካም ናቸው። ወደ እኛም ሲመጡ መጀመሪያ የተቀበላቸው አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ ማታ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ ከተማ። ሙሉ ልብስ በቤተ መንግሥት፣ በትምህርት ቤትና በቢሮ በኩል ገብቶ የተማረ ሰው መለያ ሆነ። ደጋው ላይ ማንንም አላስጨነቀም። ከዚያ ግን ደንቡ ብቻውን ወደ ቆላ ወረደ። ሠመራ በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ የአክብሮት መለኪያዋ ግን ከአዲስ አበባ የተላከላት ነው።

በሙቀትና በአክብሮት መካከል ለሚነሣው ክርክር የጥንት ምስክር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ዓመት ሮም ውስጥ ስካውሩስ የተባለ ታላቅ ባለሥልጣን ሲከሰስ ችሎቱን የመራው ማርከስ ካቶ ነበር። የሲሴሮን ንግግሮች ያብራራው አስኮኒዩስ እንደጻፈው፣ ወቅቱ የሙቀት ወራት ስለነበር ካቶ ቶጋ ከተባለው መደረቢያ ሥር የሚለበሰውን ቱኒካ ትቶ፣ ሽርጥ ብቻ አገልድሞ ቶጋውን ደርቦ ተቀመጠ። ለዚህም የቀደሙትን አባቶች ምሳሌ አደረገ፤ የሮሙሉስና የካሚሉስ ሐውልቶች ቶጋ ለብሰው ቱኒካ የላቸውም ነበርና። ያ ሰው ዳኝነቱ የማይታማ፣ ጉቦ የማይደፍረው ነበር። ሆኖም ታሪኩን የጻፈው ፕሉታርክ በዚህ አለባበሱ የሥልጣኑን ክብር እንዳቀለለ ተቆጥሮበታል ይላል።

ሁለቱንም ወገን በትክክል መስማት ያስፈልጋል። ካቶ እውነት አለው፤ ፍትሕ ከቱኒካው አይመነጭም። የሮም ሕዝብም እውነት አለው፤ የአክብሮት ምልክት የጋራ ቋንቋ ነውና አንድ ሰው ብቻውን ሊለውጠው ሲነሣ የሚሰማው ሁሉ ስድብ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ሐዘን ቤት ቲሸርት ለብሶ የሚመጣ ሰው ልቡ በእውነት ያዘነ ሊሆን ይችላል፤ ሐዘንተኛዋ እናት ግን የምታየው ቲሸርቱን ነው። ለእርሷ ሲባል ኮት መልበስ ትንሽ መሥዋዕት ነው፤ በጎም መሥዋዕት ነው።

በማቴዎስ ወንጌል 22ኛ ምዕራፍ ያለው የሠርግ ምሳሌም ከዚሁ ወገን የቆመ ይመስላል። የሠርግ ልብስ ሳይለብስ የገባው ሰው እጅና እግሩ ታስሮ ወደ ውጭ ተጥሏል። ይህ ምሳሌ በብዙ ስብከት ላይ ለአለባበስ ተግሣጽ ሲያገለግል ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን መምህሩ አውግስጢኖስ ግን ያንን ልብስ የተረጎመው በጨርቅ አይደለም፤ ከንጹሕ ልብ የሚወጣ ፍቅር ብሎታል። ትርጓሜውን የተቀበለ ሰው ወደ ሌላ ጥያቄ ይሻገራል። የሠርጉ ልብስ ፍቅር ከሆነ፣ ጋባዡም ያንኑ ልብስ መልበስ አለበት። እንግዳው ለጋባዡ ሲል ሙቀቱን ሊችል ከተዘጋጀ፣ ጋባዡስ እንግዳውን ከዚህ ጭንቅ ለማሳረፍ ምን አድርጓል?

ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ የሰጠች አገር ጃፓን ናት። የመጀመሪያ ሙከራዋ አልሠመረም። እ.ኤ.አ. በ1979 በነዳጅ ቀውስ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሳዮሺ ኦሂራ እጅጌው ያጠረ ኮት ለብሰው ሕዝቡ እንዲከተላቸው ጠየቁ። ጥቂቶች ተከተሉ። በ1994 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጹቶሙ ሃታ ያንን አጭር እጅጌ ኮት ለዓመታት ሲለብሱ ኖሩ፤ ብዙው ሰው ግን እንደ ግል ጠባያቸው አየው። የካቶ ዕጣ ደረሳቸው ማለት ነው።

በ2005 ግን ነገሩ ተለወጠ። የአካባቢ ሚኒስትሯ ዩሪኮ ኮይኬ ኩል ቢዝ የተባለውን ዘመቻ ሲያስጀምሩ የመንግሥት ቢሮዎች የኤር ኮንዲሽነር መቆጣጠሪያቸው ከ28 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ፣ ሠራተኞችም በሙቀት ወራት ኮትና ከረባት እንዲተዉ ተጠየቀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ራሳቸው ያለ ከረባት በአደባባይ ታዩ። የትላልቅ ኩባንያ ኃላፊዎች በፋሽን ትርኢት ላይ ወጥተው አዲሱን አለባበስ አሳዩ። ቢሮዎች በራቸው ላይ፣ በዚህ ወቅት ያለ ከረባት እንደሚቀበሉና እንግዳውም እንዲሁ ቢመጣ ደስ እንደሚላቸው ጽፈው ለጠፉ። ይህ ማስታወቂያ ትልቅ ነገር ነው። በጃፓን አንድ ጀማሪ ሻጭ ደንበኛው ዘንድ ኮቱን አውልቆ መቅረብ ይጨንቀዋል፤ ልብሱን ሳይሆን ደንበኛውን የናቀ እንዳይመስልበት ይፈራል። ፍርሃቱን ማንሣት የሚችለው ሻጩ ሳይሆን ደንበኛው ነው። ፈቃዱ ከላይ ወደ ታች ወረደ።

የጃፓን መንግሥት በዚያ የመጀመሪያ ወቅት 460,000 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመልቀቅ እንደተቆጠበ ገምቷል። የከረባት አምራቾች ገበያችን ተጎዳ ብለው አቤት አሉ፤ አቤቱታቸውም የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ዘመቻው ግን ቀጠለ። በ2011 የፉኩሺማ አደጋ የኤሌክትሪክ እጥረት ሲያስከትል የአካባቢ ሚኒስቴሩ የፖሎ ሸሚዝ ሳይቀር ፈቀደ። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በሥርዓት ወዳድነቱ የሚታወቅ ሕዝብ፣ ክፍት ኮሌታን ከንቀት ዝርዝር አወጣው። ጃፓናውያን እርስ በርስ መከባበራቸውን አልተዉም፤ ምልክቱን ግን ተስማምተው አቀለሉት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ዕዳም አለ። ኮት የለበሱ ሰዎች በሚያዝዙበት ክፍል ማቀዝቀዣው ለኮቱ ልክ ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ ላይ የወጣ ጥናት የቢሮ ሙቀት መመዘኛዎች በ1960ዎቹ የአንድ አማካይ ወንድ ሰውነት በሚያመነጨው ሙቀት ስሌት ላይ ተመሥርተው ሴቶችን እንደሚያበርዱ አሳይቷል። አንዱ እንዳይሞቀው ሌላዋ ሻርፕ ደርባ ትውላለች፤ የመብራቱን ሒሳብ ደግሞ ሁሉም ይከፍላል።

ምልክቱን በሥልጣን ኃይል መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የዛየር ፕሬዚዳንት ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሙሉ ልብስና ከረባትን ከልክለው አባኮስት የተባለውን ኮት በሕዝባቸው ላይ ጫኑ፤ እገዳው የተነሣው በ1990 ነው። በተቃራኒው የኬንያ ብሔራዊ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሞሰስ ዌታንጉላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ያለ ከረባት የሚለበሰውን የካውንዳ ሱት ከምክር ቤቱ ሲያግዱ ለወንዶች የሚገባውን ዘርዝረዋል፤ ኮት፣ ኮሌታ፣ ከረባት፣ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ። ናይሮቢ ቀዝቀዝ ያለ ከተማ በመሆኑ የገላው ጭንቅ እዚያ ያን ያህል አይከብድም። ቢሆንም ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ አንዱ አንገቱን ፍታ ይላል፣ ሌላው እሰር ይላል፤ ሁለቱም ግን የለባሹን ገላ አልጠየቁም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለዚህ ሁሉ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ስምዖን ሜሲንግ የተባለ የሥነ ሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 አንትሮፖስ በተባለ መጽሔት ላይ ሸማ ያለ ቃል የሚናገረውን ቋንቋ ጽፎ አሳትሟል። ጎንደሬ ገበሬም ሆነ የሸዋ ባላባት ይህን ያለ ጽሑፍ ያውቁት ነበር። በጌታው ፊት የቀረበ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ አደግድጎ ይቆማል። ትከሻው ተገልጧል፣ እጁ ለአገልግሎት ነጻ ሆኗል። በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጦ አንገት ዙሪያ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነጠላው መስቀለኛ ይጣፋል። አንድ ጨርቅ እንደ ቦታው ይዞራል፤ አክብሮቱ የሚነገረው በአደራረቡ እንጂ በክብደቱ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ይህ ነው፤ በዚህ አገር ለዘመናት ከፍ ያለ አክብሮት ልብስን ከላይ በማላላት ሲገለጥ ኖሯል። ዛሬ በከረባት ቋጠሮ የሚነገረውን፣ አባቶች ሸማውን ወደ ወገብ በማውረድ ይናገሩት ነበር። እንግዲህ አንገቱን ክፍት አድርጎ የቀረበ ሰው ሁሉ ባህል አፈረሰ ሊባል አይችልም።

የሐጅ ሥርዓትም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። ኢሕራም የገባ ወንድ ያልተሰፉ ሁለት ጨርቆች ብቻ ያገለድማል፤ ሸሚዝ የለ፣ እጅጌ የለ፣ ጥምጥም የለ። ንጉሡም ሎሌውም አንድ ይመስላሉ። ሥርዓቱ ራስ እንዳይሸፈን ቢያዝም ጃንጥላ መያዝ ተፈቅዷል። ሙቀቱ ግን ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መካ ላይ 51.8 ዲግሪ ሲመዘገብ የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ተጓዦች መሞታቸውን አስታውቋል፤ አብዛኞቹ ፈቃድ ሳይኖራቸው፣ ማረፊያና ጥላ ሳያገኙ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። በአምላክ ፊት አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሰዎች ጥላ ግን እኩል አልደረሳቸውም።

ጉዳዩ የሞራል ጥያቄ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከረባት እንዲታሰር የሚያዝዘው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ኤር ኮንዲሽነር ባለበት ክፍል ነው። ትእዛዙን ተሸክሞ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ግን የባንኩ ጥበቃ፣ የሆቴሉ በር ከፋች፣ መኪና የሚያቆም ሠራተኛ ነው። ዱባይና ዶሃ ውስጥ በጥበቃ ሥራ የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በገላቸው ያውቁታል። የአገሩ ባለቤት በሰፊ ነጭ ከንዱራ ያልፋል፤ በር ላይ የቆመው እንግዳ ኮሌታውን ቆልፎ ከረባት አስሯል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ መልካም ሕግ ነው። ይሁንና ከ9 ሰዓት በኋላም ሙቀት አለ። ሰው በራሱ ፈቃድ፣ ለሚወደው ሲል የሚሸከመው ጭንቅ ስጦታ ነው። የሌላው ቤት እንዲያምር ተብሎ በደመወዝ ማጣት ፍርሃት የሚሸከመው ጭንቅ ግን አክብሮት ሊባል አይገባውም፤ የከበረ ሰው የለምና።

የራሱን ልብስ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ብዙ መንገድ አለው። ከረባት የግድ በሚሆንበት ቦታ፣ በፍርድ ቤትም ሆነ በልጁ ሠርግ ላይ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ የጥጥ ወይም የሊነን ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ አንድ ጣት የሚያስገባ ኮሌታ፣ ገበር የሌለው ቀለል ያለ ኮት ይበቃዋል። ቋጠሮው መጥበቅ የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀርመን ኪል የተደረገ አነስተኛ ጥናት ከረባት ያጠበቁ ወንዶች ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም በ7.5 በመቶ መቀነሱን አይቷል። ጉዳት አደረሰ አላለም፤ ግን ለማን ሲባል? አጭር እጅጌ ለለበሰ ሰው ከረባቱን መተው ይሻላል፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ የገላውን ዕረፍትም የልብሱን ግርማም ያሳጡታል። ሰደርያ በቆላ ምንም ቦታ የለውም። ሐኪም ከሆነ ደግሞ ክርክሩ አብቅቷል፤ የእንግሊዝ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሐኪሞች በሽተኛ ሲነኩ ክንዳቸው ከክርን በታች ባዶ እንዲሆን፣ ከረባትም እንዳያስሩ አዝዟል፤ እጅጌና ከረባት ከአልጋ ወደ አልጋ ጀርም ያዞራሉ ተብሎ።

የመጀመሪያውን ቁልፍ መፍታት ያለበት ግን ከላይ ያለው ሰው ነው። ሰባኪው ኮቱን ካወለቀ መዘምራኑ ይከተላሉ። ሥራ አስኪያጁ ሚያዝያ ሲገባ ያለ ከረባት ስብሰባ ከመራ ጸሐፊው አይጨነቅም። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ የአገር ባህል ልብስ ወይም ክፍት ኮሌታ ሸሚዝ ደስ እንደሚያሰኝ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ነጭ እጀ ጠባብ ወጥታ በደስታ ትለበሳለች። የድርጅቶች ነገር ከዚህም ይቀላል። የጥበቃ ሠራተኞች የደንብ ልብስ በጨረታ ይገዛል፤ የጨርቁ ዓይነት፣ የእጅጌው ርዝመት፣ የቁልፉ ቀለም ሳይቀር በሰነዱ ተዘርዝሮ ይወጣል። ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላና ለሠመራ ቅርንጫፎች በሚወጣው ሰነድ ላይ ጥጥ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ክፍት ኮሌታና ጠርዘ ሰፊ ባርኔጣ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከረባቱን ከዝርዝሩ መሰረዝ ደግሞ የግዢውን ወጪ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።